ስለ ቍስል ኤሌክትሪክ፤ የሁለት ምርመራዎች ታሪክ

እንሽላሊት ጅራቷ ቢቈረጥ በተቈረጠው ፋንታ ሌላ ጅራት እንደምታበቅል ሕፃናት እንኳ ያውቁታል። የሰውም ጣት በቢላዋ ሲቈረጥ ቍስሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ከዳርና ከዳር ተገናኝቶ ይደፈናል። ነገሩ ዘወትር የሚታይ ስለ ሆነ የሚደነቅበት ሰው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ልብ ብሎ ለተመለከተው ታላቅ ጥያቄ አለበት። ቤት የሚሠራ ግንበኛ ንድፉን አይቶ፥ የአለቃውንም ቃል ሰምቶ ድንጋዩን በየቦታው ያኖራል። የአካል ሁሉ መሠረት የሆኑት፥ በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ሕዋሳት ግን ዓይንና ጆሮ ሳይኖራቸው ቍስሉ በወዴት በኩል እንደ ሆነ፥ የጐደለውም ምን እንደ ሆነ፥ ሥራውም መቼ እንደሚፈጸም በምን ያውቃሉ? ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ሲመረምሩ ከ280 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከመልሱም አንዱ ታላቅ ክፍል ኤሌክትሪክ ሆኖ ተገኘ። ወደዚህ ያደረሰው መንገድ ግን ቀጥተኛ አልነበረም፤ በክርክርና በመረሳት የተሞላ ነበረ እንጂ። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለት ልዩ ልዩ ምርመራዎች ነው። የመጀመሪያው ስለ ተቈረጠ አካል ዳግመኛ ማደግ የተደረገው ነው። በ1740 ዓመት አብርሃም ትረምብሌ የሚባል የጄኔቫ ሰው በሆላንድ አገር በሄግ ከተማ አጠገብ የአንድ መኰንን ልጆች አስተማሪ ነበረ። እርሱም ከኵሬ ውሃ ቀድቶ ሲመለከት ሂድራ የሚባለውን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝም ፍጥረት አገኘ። መልኩ አረንጓዴ፥ ቅርጹም እንደ ቅርንጫፍ ስለ ነበረ ተክል ይሁን እንስሳ ለመለየት ቸገረው። ተክል እንደ ሆነ ተቈርጦ ያድጋል፥ እንስሳ እንደ ሆነ ግን ይሞታል ብሎ ከሁለት ቈረጠው። ከጥቂት ቀን በኋላም ሁለቱ ቍራጮች እያንዳንዳቸው ሙሉ ሂድራ ሆኑ፤ እየተንቀሳቀሱም ምግባቸውን ይዘው ይበሉ ጀመር። ትረምብሌ ይህን በ1744 በመጽሐፍ አሳትሞ ባወጣው ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንት እጅግ ተገረሙ፤ እንስሳ ተከፍሎ ሁለት ሙሉ እንስሳ ይሆናል ብሎ ያሰበ ከመካከላቸው አልነበረምና።

ከእርሱ በኋላ ላዛሮ ስፓላንዛኒ የሚባል ጣሊያናዊ ካህን ምርመራውን ወደ ታላላቆቹ እንስሳት አሸጋገረው። በ1768 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ሳላማንድር የምትባለው፥ እንሽላሊት የምትመስለውና በውሃም በየብስም የምትኖረው እንስሳ፥ ጅራቷና እግሯ ቢቈረጥ አጥንቱን፥ ሥጋውንና ጣቱን ሳታጐድል መልሳ እንደምታበቅል ገለጠ። ቢደጋግም እንኳ ደግማ ታበቅላለች። አዲሱ እግርም መጠኑን ጠብቆ በልኩ ይቆማል። ይህን ሁሉ ምን እንደሚያዝዘው ግን ስፓላንዛኒም ሊያውቅ አልቻለም።

ሁለተኛው ምርመራ በቦሎኛ ከተማ የተደረገው ነው። ሉዊጂ ጋልቫኒ በዚያች ከተማ በ1737 ተወልዶ በኋላ የሕክምናና የአካል ክፍሎች ትምህርት መምህር ሆነ። ሚስቱም ሉቺያ ጋሌያጺ የመምህሩ ልጅ ነበረችና በምርመራው ሥራ ትረዳው ነበር። በ1780 ዎቹ ዓመታት ጋልቫኒ የሞተ እንቍራሪት እግር አዘጋጅቶ በጠረጴዛ ላይ አኑሮ ሳለ፥ አንዱ ረዳት የእግሩን ነርቭ በቢላዋ ጫፍ ነካው። በዚያችው ቅጽበት በአጠገቡ ከነበረው የኤሌክትሪክ መኪና ብልጭታ ወጣ፤ እግሩም ሕይወት እንዳለው ሁሉ ተወራጨ። ከዚህም በኋላ ጋልቫኒ የእንቍራሪቶችን እግር በናስ ሜንጦ አድርጎ በብረት አጥር ላይ ሰቀለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ መብረቅ ሳይኖር፥ የኤሌክትሪክ መኪናም በአጠገቡ ሳይኖር እግሮቹ ይወራጩ ነበር። ብዙ ዓመት ከመረመረ በኋላ በ1791 መጽሐፉን አወጣ፤ ሚስቱ ግን ከዚያ በፊት ሞታ ስለ ነበረ የድካማቸውን ፍሬ አላየችም። የመጽሐፉም ፍሬ ነገር በሕያው አካል ውስጥ የራሱ የሆነ ኤሌክትሪክ አለ፤ ነርቭና ጡንቻ የሚሠሩት በእርሱ ነው የሚል ነበር።

በፓቪያ የትምህርት ቤት መምህር የነበረው አሌሳንድሮ ቮልታ ይህን በመጀመሪያ በአድናቆት ተቀበለው፤ ኋላ ግን ተጠራጠረ። ናስና ብረት ሁለት ልዩ ልዩ ማዕድኖች ናቸው፤ በእርጥብ ነገር ሲገናኙ ኤሌክትሪክ የሚወጣው ከእነርሱ ነው፤ እንቍራሪቱ ይህን የሚያስታውቅ መሣሪያ ነው እንጂ ምንጩ አይደለም አለ። ጋልቫኒም በቃል ብቻ አልመለሰም። በ1794 ስሙን ሳይጽፍ ባወጣው መጽሐፍ፥ ማዕድን ከቶ ሳይነካው የእንቍራሪቱ ነርቭ በገዛ ጡንቻው ላይ ሲወድቅ እግሩ እንደሚወራጭ አሳየ። በ1797 ደግሞ የአንዱን እግር ነርቭ ከሌላው ነርቭ ጋራ ብቻ አገናኝቶ ያንኑ አገኘ። ይህን የመጨረሻ ጽሑፉንም የላከው ከላይ ለተነገረው ለካህኑ ለስፓላንዛኒ ነው። ስፓላንዛኒም በዚያን ጊዜ ከቮልታ ጋራ በአንድ በፓቪያ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር።

አንባቢ ይህን ልብ ይበል። የተቈረጠ እግር እንደሚያድግ ያሳየው ካህን፥ ሕያው አካል ኤሌክትሪክ እንዳለው የሚመሰክረውን ጽሑፍ በእጁ ተቀበለ። ሁለቱ ምርመራዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ፤ ነገር ግን አንዱ የሌላው መልስ ሊሆን እንደሚችል ያስተዋለ አልነበረም። ይህ እስኪታወቅ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ መቈየት ግድ ሆነ።

የሁለቱም ሊቃውንት ፍጻሜ የተለያየ ሆነ። የፈረንሳይ ጦር ሰሜን ኢጣልያን ከያዘ በኋላ የቆመው አዲስ መንግሥት መምህራኑን ሁሉ መሐላ አስማለ። ጋልቫኒ ግን ሃይማኖቱና ኅሊናው ስላልፈቀዱለት አልምልም አለ። ስለዚህ በ1798 ሹመቱንና ደመወዙን አጥቶ፥ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በ61 ዓመቱ ሞተ። ቮልታ ደግሞ በ1800 ዓመት የብርና የዚንክ ክቦችን በጨው ውሃ የተነከረ ጨርቅ እያስገባ አንዱን ባንዱ ላይ ደርድሮ የመጀመሪያውን ባትሪ ሠራ። ናፖሌዎንም በፓሪስ ሥራውን አይቶ አከበረው፤ በኋላም የኮንት ማዕረግ ተሰጠው። የሚያስገርመው ግን ቮልታ ራሱ ባትሪውን ሲገልጥ በባሕር ውስጥ ከሚኖረው አደንዛዥ ዓሣ ጋራ አመሳስሎ፥ በሰው እጅ የተሠራ የኤሌክትሪክ ብልት ብሎ መጥራቱ ነው። የሕያው ፍጥረትን ኤሌክትሪክ ሲክድ የሠራው መሣሪያ ሕያው ፍጥረትን የሚመስል ሆነ።

ባትሪው በጠረጴዛ ላይ ቆሞ ለማንም ይታይ ነበር፤ የጋልቫኒ ኤሌክትሪክ ግን እጅግ ደካማ ስለ ሆነ የሚለካው መሣሪያ ገና አልነበረም። ስለዚህ ፍርዱ ለቮልታ ሆነ። የጋልቫኒ የእኅቱ ልጅ ጆቫኒ አልዲኒ ደግሞ አጐቱን ለመርዳት ብሎ ይልቁን ነገሩን ጐዳው። በ1803 በሎንዶን በስቅላት የተቀጣን ሰው ሬሳ በባትሪ እየነካ ፊቱንና እጁን በሕዝብ ፊት አንቀሳቀሰ። ከዚህም በኋላ በኤሌክትሪክ ሙት እናስነሣለን፥ ደዌ ሁሉ እንፈውሳለን የሚሉ አታላዮች በየከተማው በዙ። የታመኑ ሊቃውንትም ከእነርሱ ጋራ እንዳይቈጠሩ ብለው ከዚህ ምርመራ ራቁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፥ ከ40 ዓመት ያህል በኋላ ካርሎ ማቴውቺ የሚባል ሌላ ጣሊያናዊ ነገሩን አነሣው። ጡንቻ ሲቈረጥ ከተቈረጠው ገጽና ካልተቈረጠው ገጽ መካከል የኤሌክትሪክ ጅረት እንደሚሄድ በመሣሪያ ለካ። ቮልታ ክቦችን እንደ ደረደረ እርሱም የእንቍራሪት ጭን ቍራጮችን ደረደረ፤ ቍጥራቸውም በበዛ መጠን ጅረቱ በረታ። በዚህ የማዕድን ምክንያት ፈጽሞ ቀረ። የማቴውቺን ጽሑፍ ያነበበው የበርሊኑ ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን ደግሞ ከ24,000 ዙር በላይ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት መለኪያ በገዛ እጁ ሠራ። በ1843ም የገዛ ጣቱን ቈርጦ፥ ከቍስሉ የአንድ አምፔር ሚሊዮንኛ ክፍል የሚያህል ጅረት ሲወጣ አየ። የቍስል ጅረት የተባለው ይህ ነው። ነገር ግን ዱ ቧ ሬይሞን ልቡን ያሳረፈው በነርቭ ሥራ ላይ ስለ ነበረ፥ ያ ጅረት ለቍስሉ መዳን ምን እንደሚጠቅም አልመረመረም።

የጅረቱ ምንጭ ከየት እንደ ሆነ ከዚያ ወዲህ በየጥቂቱ ተገለጠ። በ1902 ዩልዩስ በርንሽታይን የሚባል ጀርመናዊ እንዲህ ብሎ አስረዳ። ሕዋስ ሁሉ በስስ ሽፋን የተከበበ ነው፤ በውስጡ ፖታሲየም፥ በውጭው ደግሞ ሶዲየም ይበዛል፤ ሽፋኑም አንዱን እያሳለፈ ሌላውን ስለሚከለክል በውስጥና በውጭ መካከል የኤሌክትሪክ ልዩነት ይፈጠራል። የእንግሊዝ ሊቃውንት ሆጅኪንና ሀክስሊ በ1952 የነርቭን ሥራ በዚሁ መንገድ በቍጥር አስረዱ፤ በ1963ም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቮልት መቶኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ይሆናል። ነገር ግን ነርቭ ብቻ ሳይሆን የቆዳም፥ የአጥንትም፥ የጉበትም ሕዋስ ይህ ልዩነት አለው። ጐረቤታሞች ሕዋሳት ደግሞ በመካከላቸው ጥቃቅን በሮች ስላሏቸው የአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

ይህ እየታወቀ ሳለ ሁለቱ ምርመራዎች መቀራረብ ጀመሩ። አሜሪካዊው ቶማስ ሀንት ሞርጋን በ1901 ስለ አካል ዳግመኛ ማደግ ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ። ፕላናርያ የሚባለው ጠፍጣፋ ትል ቢቈራረጥ እያንዳንዱ ቍራጭ ራሱንም ጅራቱንም በየቦታው እንደሚያበቅል አስረዳ። በ1921 ኤልመር ለንድ በባሕር በሚኖር በአንድ ትንሽ እንስሳ ግንድ ውስጥ ደካማ ጅረት አሳልፎ፥ አዲሱ አካል በየትኛው ጫፍ እንደሚበቅል በጅረቱ አቅጣጫ ሊወሰን እንደሚችል አሳየ። በ1952ም ማርሽና ቢምስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የፕላናርያን ቍራጭ በጅረት ውስጥ አኖሩት፤ ጅራት ሊበቅልበት ይገባ ከነበረው ጫፍም ራስ በቀለ። ነገር ግን ሞርጋን ራሱ ወደ ዘር ውርስ ምርመራ ተሻግሮ በዚያ ተሸለመ። በ1953 ደግሞ የዘር ውርስ የተጻፈበት የዲኤንኤ ቅርጽ ታወቀ፤ የሊቃውንቱም ዓይን ሁሉ ወደዚያ ዞረ። የኤሌክትሪኩ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ተረሳ።

ከመረሳት ያወጣው መሣሪያ ነው። በ1974 ሊዮኔል ጃፍና ሪቻርድ ኑቺቴሊ ጫፉ እየተንቀጠቀጠ በሕዋስ አጠገብ የሚያልፈውን እጅግ ደካማ ጅረት ሕዋሱን ሳይነካ የሚለካ መሣሪያ ሠሩ። በ1977 ሪቻርድ ቦርገንስ ከጃፍና ከሌላ ባልደረባ ጋራ ሆኖ ይህን መሣሪያ እግሯ በተቈረጠ ሳላማንድር ላይ አዋለው። ከጕማጁም ጫፍ ጽኑ ጅረት ለብዙ ቀን ሲወጣ ተገኘ፤ ምንጩም ሶዲየምን ከውጭ ወደ ውስጥ የሚስበው የቆዳዋ ሥራ ነበር። በዚያው ዓመት የተቈረጠ እግር መልሶ በማያበቅል በጐለመሰ እንቍራሪት ላይ ትንሽ ባትሪ ቢያኖሩ፥ ቅርጹ ያልተስተካከለ ቢሆንም እግሩ በመጠኑ ማደግ ጀመረ። ስፓላንዛኒ ያየው እድገትና ጋልቫኒ የመሰከረለት ኤሌክትሪክ በአንድ እንስሳ ላይ ተገናኙ።

ነገሩ ለሰው ልጅም ሩቅ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ የሕፃናት ሐኪሞች የጣታቸው ጫፍ የተቈረጠባቸውን ሕፃናት ያክሙ ነበር። ቍስሉን ሳይሰፉ አጽድተው ብቻ ቢሸፍኑት ጫፉ ከነጥፍሩ መልሶ እንደሚያድግ በ1974 ጻፉ። በ1980ም ከእነዚሁ ሕፃናት ጣት የሚወጣውን የቍስል ጅረት ለኩ። ዱ ቧ ሬይሞን በገዛ ጣቱ ካየው ከ137 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ጅረቱ ቍስልን የሚመራበት መንገድ እንዲህ ነው። ጤነኛ ቆዳ ሶዲየምን ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ውስጡ ከውጩ ጋራ ሲነጻጸር አዎንታዊ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ቆዳው ሲቀደድ ግን እንደ ተነደለ ግድብ ጅረቱ በቀዳዳው በኩል ይፈስሳል፤ በዙሪያው ያሉት ሕዋሳትም የጅረቱን አቅጣጫ ተከትለው ወደ ቍስሉ ይጓዛሉ። በ2006 ሚን ጃኦና ባልደረቦቹ ይህን አስረግጠው አሳዩ። የጅረቱን አቅጣጫ በመሣሪያ ቢገለብጡት ሕዋሳቱ ከቍስሉ ሸሹ፤ ትእዛዙን በሕዋሱ ውስጥ ከሚቀበሉት የዘር ውርስ ክፍሎችም ሁለቱን ለይተው አወቁ። ቀዳዳው ሲደፈን ጅረቱ ይቆማል፤ የሚመራቸው ስለማይኖርም ሕዋሳቱ ያርፋሉ።

የጐደለው አካል ቅርጽ እንዴት እንደሚታወቅ ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ አገር ማይክል ሌቪንና ባልደረቦቹ በ2007 የእንቍራሪት ጭራሮ ልጅ ጅራት ሲቈረጥ መልሶ እንዲያድግ፥ ሕዋሳቱ የሃይድሮጅንን ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ መግፋት እንደሚያስፈልጋቸው ገለጡ። ጅራቱ መብቀል በማይችልበት ዕድሜ ላይ ይህን የሚሠራውን የእርሾ ሕዋስ የዘር ክፍል ቢያስገቡበት፥ ጅራቱ ከነነርቩና ከነጡንቻው በቀለ። በ2010ና በ2017 ባወጧቸው ጽሑፎችም በፕላናርያ ሕዋሳት መካከል ያሉትን በሮች ለጥቂት ጊዜ በመድኃኒት ዘግተው ሁለት ራስ ያለው ትል አገኙ። ያም ትል ከብዙ ቀን በኋላ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢቈረጥ ደግሞ ሁለት ራስ አበቀለ። የዘር ውርሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሕዋሳቱ በኤሌክትሪክ የያዙት የቅርጽ ትእዛዝ ነው።

ተፈጥሮም ራሷ ተመሳሳይ ምስክር ሰጥታለች። በ2014 እንደ ታወቀው፥ ዜብራ ዓሣ የሚባለው ትንሽ ዓሣ በፖታሲየም በሩ ላይ አንድ ጕድለት ሲኖርበት ክንፎቹ ከልክ በላይ ይረዝማሉ። በ2001 ደግሞ በሰው ዘንድ የሌላ የፖታሲየም በር ጕድለት የልብን ምት ከማዛባቱና ጡንቻን ከማድከሙ በቀር የፊትንና የጣትን አፈጣጠር እንደሚለውጥ ተገለጠ። ስለዚህ የዘር ውርስና ኤሌክትሪክ ተቃዋሚዎች አይደሉም። የዘር ውርስ መሣሪያውን ያቀርባል፤ የኤሌክትሪኩ ሁኔታም መሣሪያው የትና መቼ እንደሚሠራ ያመለክታል።

ከዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተቈረጠ እጅ ወይም እግር በሰው ላይ መልሶ እንዲበቅል ያደረገ ሐኪም እስከ ዛሬ የለም። ከ1970 ዎቹ ጀምሮ አልገጥም ያለ አጥንትን በደካማ ጅረት የሚረዱ ሐኪሞች አሉ፤ ጥቅሙ በሁሉ ዘንድ እኩል ባይሆንም። ከዚህ አልፎ ኤሌክትሪክ ደዌን ሁሉ ይፈውሳል ብሎ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው የአልዲኒን ዘመን ስሕተት ይደግማል። በዚያን ጊዜ እውነቱን ለብዙ ዓመት የቀበሩት ተቃዋሚዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ ከልክ በላይ ያመሰገኑትም ነበሩ።

በክርክሩም ከሁለቱ ሊቃውንት የተሸነፈ አልተገኘም። ቮልታ ስለ ናስና ስለ ብረት የተናገረው እውነት ነበር፤ ዓለምም ባትሪን ያገኘው ከእርሱ ነው። ጋልቫኒም ስለ ሕያው አካል የተናገረው እውነት ነበር፤ ሹመቱን ባጣ ጊዜ እንኳ አልካደውም። የተሳሳቱት ሁለቱም የሌላውን እውነት የራሳቸውን የሚያፈርስ አድርገው በማሰባቸው ነው። ደካማውን ጅረት የሚለካው መሣሪያ በጋልቫኒ ስም ጋልቫኖሜትር ተባለ። ዛሬ ሐኪም የአንድን ሕዋስ ኤሌክትሪክ ለክቶ ሲጽፍ ደግሞ ያ ኤሌክትሪክ ጋልቫኒ የመሰከረለት ነው፤ የሚቈጠርበት መለኪያ ግን በተከራካሪው ስም ቮልት ይባላል።